ለቤት የባሕር ገንዳ ጨው ስለ መምረጥ

በዚህ ዓምድ እስካሁን ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ልብስ አያያዝ፤ ስለ ጓዳና ስለ ማድቤት ሥራ ብዙ ጊዜ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከወትሮው ለየት ያለ ነገር ነው፤ ይኸውም በቤት ውስጥ በመስተዋት ገንዳ ለሚጠበቁት ለባሕር ዓሦችና ለኮራል የሚሆነው ጨው እንደ ምን እንደሚመረጥ ነው። ለዚህም ምክንያት የሆነን በአሜሪካ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ከሚኖሩ አንድ ወዳጃችን የደረሰን ደብዳቤ ነው።

ወዳጃችን እንደ ጻፉልን፤ የ11 ዓመት ልጃቸው በትምህርት ቤት ስለ ባሕር ከተማረች ወዲህ ሌላ አሳብ የላትም፤ ለልደትዋ የሚሰጣትን ገንዘብ እያጠራቀመች አባትዋን ስትለምን ከርማ በመጨረሻ 200 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ተገዛላት። በገንዳውም ውስጥ ሁለት ዓሦችና ሦስት ትንንሽ ኮራሎች ይኖራሉ። ከገንዳው ጋራ የመጣው ጨው ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ አባትየው ወደ ሱቅ ቢሄዱ ስምንት ዐይነት ከረጢት ተደርድሮ አገኙ፤ የአንዱ ዋጋ የሌላውን እጥፍ ነው፤ በየከረጢቱም ላይ የተጻፈው ቍጥር የሐኪም ትእዛዝ ይመስላል። ባለ ሱቁን ቢጠይቁት «ሁሉም አንድ ነው» አላቸው። እሳቸውም ነገሩ ስላላማራቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዚሁ ሰሞን ልጃቸውን ለመጠየቅ ከመቀሌ የመጡት እናታቸው ደግሞ በሻንጣቸው ይዘውት ከመጡት ከአፋር ጨው ቈንጠር አድርገው እያሳዩ፤ «ጨው ያው ጨው ነው፤ የአገራችሁን ትታችሁ ስለ ምን በከረጢት የታሸገ ፍለጋ ትደክማላችሁ?» አሉ። ክርክሩ ሳያልቅ ሦስት ሳምንት ዐለፈ። ከዚያ ወዲያ ከሦስቱ ኮራሎች አንዱ ተሸብሽቦ አልከፈትም አለ፤ ልጅቱም ከገንዳው ፊት ተቀምጣ ራትዋን እንቢ አለች። የደብዳቤው መጨረሻ «ጨዉን ምረጡልኝ፤ ከልጄም አስታርቁኝ» የሚል ነው።

የታመመ ነገር ጋዜጣ እስኪታተም አይጠብቅምና ለወዳጃችን ወዲያው በደብዳቤ መልሰንላቸዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ገንዳ ያላቸው ወገኖቻችን በአሜሪካም፤ በአውሮጳም፤ በዓረብ አገሮችም እንዳሉ ስለምናውቅ፤ ደግሞም ነገሩ ከአገራችን ምድር ጋራ የሚያገናኘው እጅግ የሚያስደንቅ ክር ስላለው፤ አስፍተን ልናቀርበው ወደድን።

ኮራል ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ባጭሩ እንንገር። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን እንስሳ ነው። አፍና ጥቃቅን ክንዶች ያሉዋቸው ብዙ ትንንሽ ፍጥረቶች ጐን ለጐን ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዐይን የማይታዩ አልጌዎች ተጠግተው ይኖራሉ፤ እነዚህም ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ለባለቤታቸው ያካፍሉታል። ኮራል ሁለት ወገን ነው፤ አንደኛው አጥንት የሌለው ልስልሱ ነው፤ ሁለተኛው ካልሲየምና ካርቦኔት የተባሉትን ነገሮች ከባሕሩ ውኃ እየለቀመ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ የሚገነባው ነው። በሞቃት ባሕሮች ውስጥ መርከብ የሚሰብረው ታላቁ የኮራል ዐለት የተሠራው በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው። እንግዲህ ይህ ፍጥረት ቤቱን የሚሠራው ከውኃው ውስጥ በሚያገኘው ዕቃ ስለ ሆነ፤ ጨዉ ለርሱ ማጣፈጫ ሳይሆን ኖራውና አሸዋው መሆኑን ልብ አድርጉ።

ኮራልን በቤት የመጠበቅ ነገር የዛሬ ዘመን ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1846 ወይዘሮ አና ታይን የተባሉ እንግሊዛዊት ቶርኪ ከተባለው የባሕር ዳር ከተማ ሕይወት ያላቸውን ኮራሎች ይዘው ወደ ለንደን ገቡ። ያን ጊዜ አየር የሚነፋ መኪና አልነበረም፤ ስለዚህ የቤት ሠራተኛቸው በየቀኑ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እያንቈረቈረች አየር እንድታስገባበት ያደርጉ ነበር። ስለ ኮራሎቹ ሲነገር የእመቤቲቱ ስም ሁል ጊዜ ይነሣል፤ እኛ ግን የዚያችን ሠራተኛ ክንድ ሳናስብ ማለፍ አልቻልንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ፤ ባሕር ለራቃቸው ሰዎች የሚሆን ሰው ሠራሽ የባሕር ውኃ አሰናዳ። ቅመሙም አራት ብቻ ነበር፤ የምግብ ጨው፤ የእንግሊዝ ጨው የሚባለው የማግኒዚየም ሰልፌት፤ የማግኒዚየም ክሎራይድና የፖታሲየም ክሎራይድ። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ከረጢት ሁሉ የዚህ ቅመም የልጅ ልጅ ነው ብንል አልዋሸንም።

የባሕር ጨው ከምን እንደሚቀመም በትክክል የታወቀው ግን ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዙራ ከተመለሰች በኋላ ነው። ዊልያም ዲትማር የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከልዩ ልዩ ባሕር የተቀዱ 77 የውኃ ናሙናዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1884 ውጤቱን አሳተመ። ያገኘውም፤ ውቅያኖሱ በአንድ ስፍራ ቢወፍርም በሌላው ቢቀጥንም በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ጨዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ሚዛን ከሞላ ጐደል አንድ መሆኑን ነው። ይህ ነገር ከዚያ በፊት በሌሎች ሊቃውንት የተጠረጠረ ቢሆንም በዚህን ያህል ጥንቃቄ የመሰከረለት እርሱ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውኃ ብንወስድ 35 ግራም ያህል ጨው አለበት። ከዚህ ውስጥ 19 ግራም ከሲሶ ክሎራይድ፤ 10.8 ግራም ሶዲየም ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ሲጋጠሙ የምንበላው ጨው ይሆናሉ። ስለዚህ ከ35ቱ ግራም 30ውን ማንኛዪቱም የቤት እመቤት በማድቤትዋ ታገኘዋለች። የቀረው 5 ግራም ግን ሰልፌት 2.7፤ ማግኒዚየም 1.3፤ ካልሲየም 0.41፤ ፖታሲየም 0.4 ግራም፤ ከነዚህም ሌላ ባይካርቦኔትና ሌሎች ጥቂት ነገሮች ናቸው። የነጋዴዎቹም ፉክክር፤ የኮራሉም ሕይወት ያለው በዚሁ በ5ቱ ግራም ላይ ነው።

አሁን ወደ እናታችን ወደ መቀሌዋ ወይዘሮ ነገር እንመለስ። የአፋር ጨው ነቀፋ የለበትም፤ ከዚያው ከደናክል ቈላ ከአሳሌ ሐይቅ ተቈርጦ በግመል ተጭኖ ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ የሚወጣው ጨው፤ አሞሌ ተብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረ ክቡር ነገር ነው። ስፍራውም ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። የሚያስደንቀውም ነገር፤ በዚያ በረሃ ዳርና ዳር ዛሬም ድንጋይ ሆነው የቀሩ የኮራል ዐለቶች ይታያሉ፤ ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ የልጅቱ አያት ጨዉንና ኮራሉን ማዛመዳቸው ከቶ ያለ ነገር አልነበረም።

ቢሆንም ቅሉ ያ ጨው ለገንዳ አይሆንም፤ ምክንያቱም ይህ ነው። ባሕር በፀሐይ ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ጨዎች ባንድ ጊዜ አይረጉም፤ በተራ በተራ ነው። መጀመሪያ የኖራው ድንጋይ ይረጋል፤ ቀጥሎ ጀሶው ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው እጅግ ሲወፍር የምንበላው ጨው ይወጣል፤ የማግኒዚየምና የፖታሲየም ጨዎች በመጨረሻው መራራ ውኃ ውስጥ ቈይተው ኋላ ለብቻቸው ይደርቃሉ። በዳሎል የፖታሽ ማዕድን መገኘቱ ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ ጨው ቈራጩ በመጥረቢያው የሚያወጣው አሞሌ ከባሕሩ ማዕድ አንዱ ወጥ ብቻ ነው፤ ካልሲየሙ ከበፊቱ፤ ማግኒዚየሙ ከበኋላው ተለይቶ ሄዷል። በርሱ ቢሞሉት ገንዳው የባሕር ያህል ይጐመዝዛል፤ ዓሣውም ኮራሉም ግን በውስጡ አይኖርም። በሱቅ የሚሸጠው የማድቤት ጨውም እንደዚሁ ነው። እናታችን ግን አይዘኑ፤ ለጨው አንድ ሌላ ሥራ ኋላ እንሰጠዋለን።

በሱቅ ያሉትን ከረጢቶች በተመለከተ፤ የነጋዴዎችን ስም እየጠራን አንዱን ልናመሰግን ሌላውን ልንነቅፍ አንወድም፤ ደግሞም አያሻም። ስምንትም ይሁኑ ዐሥራ ስምንት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በተፈጥሮ ባሕር ልክ የተቀመመ ነው፤ ሁለተኛው ኮራል የሚበላው ነገር ተጨምሮበት የበለጸገ ነው። ይህንንም ለመለየት በከረጢቱ ላይ ከተጻፈው ቍጥር ሁሉ ሦስቱን ብቻ ማንበብ ይበቃል፤ እነርሱም አልካሊነት፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው። አልካሊነት የተባለው ኮራሉ ለድንጋዩ ሥራ የሚያገኘው የካርቦኔት ስንቅ መለኪያ ሲሆን የሚቈጠረው ብዙ ጊዜ በጀርመን ዲግሪ ነው። በተፈጥሮ ባሕር ወደ 7 ዲግሪ ይሆናል፤ ካልሲየሙ በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ፤ ማግኒዚየሙ 1,300 ገደማ ነው። እንግዲህ በከረጢቱ ላይ አልካሊነቱ ከ7 እስከ 8 ተኩል ከተጻፈ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ከ10 እስከ 12 ከተጻፈ ካልሲየሙም ከ440 በላይ ከሆነ ከበለጸገው ወገን ነው። የማግኒዚየም ሥራ ደግሞ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ኮራሉ ሳይደርስባቸው በከንቱ ተገናኝተው እንዳይረጉ ማገድ ነው፤ ስለዚህም እርሱ እጅግ ያነሰበትን ጨው መተው ይገባል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የበለጸገው የሚለው ቃል ሰውን ያታልላል፤ ልጅም ብዙ ቅቤ ስለ በላ አይወፍርም፤ ይታመማል እንጂ። የበለጸገው ጨው የሚጠቅመው ገንዳቸው ድንጋይ በሚሠሩ ኮራሎች ለተሞላና የጐደለውን የሚተኩት በየሳምንቱ ውኃ በመለወጥ ብቻ ለሆኑ ሰዎች ነው። ኮራሎቹ እያደጉ ሲሄዱ አልካሊነቱ በአንድ ዲግሪ ሲወርድ ካልሲየሙ በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ይወርዳል፤ ከ8 ወደ 6 የወረደ አልካሊነት ብዙ ሲሆን፤ ከ420 ወደ 406 የወረደ ካልሲየም ግን አይታወቅም። ስለዚህ የገንዳ ባለቤት ዘወትር መመርመር የሚገባው አልካሊነቱን ነው። ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን ለብቻ በጠብታ የሚጨምር ሰው፤ እንዲሁም እንደ ወዳጃችን ልጅ ሁለት ልስልስና አንድ ድንጋይ ሠሪ ኮራል ብቻ ያለው ሰው፤ በተፈጥሮ ልክ የተቀመመውን ይውሰድ። ይህ የኛ ፍርድ ነው፤ የሚከራከሩን እንዳሉም እናውቃለን።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከአንዱ ጨው ወደ ሌላው በድንገት መዝለል ነው፤ ይህንንም የምንናገረው በራሳችን ደርሶብን ነው። በ2009 ዓ.ም. በቤታችን በነበረው ገንዳ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ያሳደግነው ቅርንጫፋም ኮራል ነበረ፤ ስንገዛው አውራ ጣት ያህል ነበር፤ ኋላ ግን ሁለት እጅ ቢያቅፈው እንጂ አንድ እጅ የማይበቃው ሆኖ ነበር። አንድ ቀን የለመድነው ጨው ስላለቀ በዚያው ዋጋ ሌላ ገዛን፤ ሻጩም ልዩነት የለውም ብሎ አረጋገጠልን። እኛም በስንፍና ከረጢቱን ሳናነብ፤ በዓል ደርሶ ስለ ነበር ገንዳው ለእንግዳ እንዲያምር ብለን፤ በአንድ ምሽት ግማሹን ውኃ ለወጥነው። የገንዳው አልካሊነት 8 ነበር፤ የአዲሱ ጨው 11፤ በአንድ ሌሊት ወደ 9 ተኩል ዘለለ። በሦስተኛው ቀን የቅርንጫፎቹ ጫፍ እንደ ተቃጠለ ጧፍ ነጣ፤ በሳምንቱ ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ሄደ። ዐሥረኛው ቀን ሳይደርስ ነጭ ድንጋይ ብቻ ቀረን፤ ልጆቻችንም ያን ድንጋይ እንዳንጥለው ለምነውን እስከ ዛሬ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ይገኛል። ያን ምሽት ከውኃው ዐሥር በመቶውን ብቻ ለውጠን ቢሆን ኖሮ አልካሊነቱ ከ8 ወደ 8.3 ብቻ በሄደ ነበር፤ ኮራሉም ባላወቀው ነበር።

ስለዚህ ጨው ለመለወጥ ያስገደደው ሰው፤ በየሳምንቱ ከውኃው አንድ ዐሥረኛውን ብቻ እየለወጠ ቀስ ብሎ ይሻገር።

የሚያሻውን ብዛት ማስላት ቀላል ነው። ለ200 ሊትር ገንዳ ሳምንታዊው 20 ሊትር ነው። ለአንድ ሊትር 38 ግራም ያህል ጨው ሲያስፈልግ፤ ለ20 ሊትር 760 ግራም ይሆናል። ባለ 20 ኪሎ ከረጢት ቢገዙ 26 ሳምንት ይበቃል ማለት ነው። ርካሽ መስሎ ትልቁን የሚገዛ ሰው ግን ይህን ያስብ፤ የተከፈተ ጨው ግማሽ ዓመት ሲቀመጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበትም ጨው ይጓጕላል፤ ካልሲየሙና ካርቦኔቱም እዚያው በከረጢቱ ውስጥ ተገናኝተው ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። አየር በማያስገባ ባልዲ የማያኖር ሰው ትንሹን ከረጢት ቢገዛ ይሻለዋል። ደግሞም በመንገድ ሲንገላታ ደቃቁ ወደ ታች፤ ሻካራው ወደ ላይ ይለያልና ከመስፈሩ በፊት ባልዲውን እያገላበጡ ማደባለቅ ይገባል፤ በርበሬ ከመሰፈሩ በፊት እንደሚታመሰው።

በአበጣበጡም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁል ጊዜ ጨዉ በውኃው ላይ ይጨመር እንጂ ውኃው በጨዉ ላይ አይፍሰስ። ጥቂት ውኃ በብዙ ጨው ላይ ሲፈስ ጨዉ ከመጠን በላይ ስለሚወፍር ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ወዲያው ተያይዘው ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ፤ ያም ዝቃጭ ተመልሶ አይሟሟም። በንጹሕ ባልዲ ውስጥ ውኃው አስቀድሞ ይቀዳ፤ የምታዞር ትንሽ ፓምፕ ትግባበት፤ ከዚያ ጨዉ በጭልፋ በጭልፋ ይበተን። ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሙቀቱም ከገንዳው ሙቀት ጋራ ይተካከል፤ ይህም ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በምንም ምክንያት ደረቅ ጨው ፍጥረት ባለበት ገንዳ ውስጥ አይጨመር። ከገንዳው የወጣውን አሮጌ ውኃ ደግሞ እዘኑለትና አትክልት ላይ አታፍስሱት፤ አንዲት ጐረቤታችን በጽጌረዳዋ ላይ ሞክራው እስካሁን ታዝንበታለች።

የውኃው ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያሻዋል፤ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ እንናገር። በዋሽንግተን የቧንቧ ውኃ ውስጥ ከዓመቱ ለሚበዛው ጊዜ ክሎራሚን የተባለ መድኃኒት ይጨመራል፤ ይህም ለሰው ንጽሕና የሚረዳ ሲሆን ለዓሣና ለኮራል መርዝ ነው፤ እንደ ተራው ክሎሪን ውኃውን በማሳደር ብቻ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ከሁሉ የበለጠ ጨው ተገዝቶ ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ ቢበጠበጥ ድካም ብቻ ነው። በማጣሪያ የተጣራ ውኃ ይፈለግ።

አሁን ለልጅቱ ኮራል መፍትሔውን እንናገር። ከደብዳቤው ስናነብ ነገሩ ጨው ከመምረጥ አስቀድሞ የሚመጣ ሌላ ስሕተት ሆኖ አገኘነው። ጨው ስላለቀ ውኃ ሳይለወጥ ሦስት ሳምንት ዐለፈ፤ በነዚያ ሳምንታት ግን ውኃው በመብራቱ ሙቀት እየተነነ ገንዳው ሲጐድል ወዳጃችን ቀድሞ ተበጥብጦ በተቀመጠው የጨው ውኃ ይሞሉት ነበር። የሚተነው ውኃው እንጂ ጨዉ አይደለም፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። በዚህ ላይ የጨው ውኃ ሲጨመርበት ገንዳው በየቀኑ ይወፍራል። በደብዳቤያችን እንዲለኩት ብንጠይቃቸው መለኪያው 1.030 አሳየ፤ መሆን የሚገባው ግን ከ1.025 እስከ 1.026 ነው። ይህ ውፍረት በሰሜኑ የቀይ ባሕር ጫፍ በዓቃባ ሰላጤ ካለው ጋራ የሚስተካከል ነው፤ በዚያም ኮራል ይኖራል፤ ነገር ግን እዚያ የተወለደው ለምዶት ነው። በ35 የኖረ ኮራል በሦስት ሳምንት 40 ሲደርስበት ሰውነቱን ሰብስቦ መዝጋቱ አያስደንቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት የጐደለውን በተጣራ ንጹሕ ውኃ ብቻ መሙላት ነው። ከዚያም በቀን ከአንድ ነጥብ ባልበለጠ፤ ማለት ከ1.030 ወደ 1.029፤ በማግሥቱ ወደ 1.028 እያሉ፤ ጥቂት ገንዳ ውኃ እየቀዱ በንጹሕ ውኃ እየተኩ ማውረድ ነው። ባንድ ጊዜ ማውረድ እንደ መጀመሪያው ስሕተት ሁለተኛ ስሕተት ይሆናል። ልጅቱ ራስዋ ትለካ፤ ቍጥሩንም በደብተር ትጻፍ ብለናቸዋል፤ በዚህም ቢያንስ ራትዋን ትበላለች ብለን ተስፋ አድርገናል።

የመለኪያውም ታማኝነት መመርመር አለበት። ሪፍራክቶሜትር የሚባለው ብርሃን የሚሰብረው መለኪያ ብዙ ጊዜ ይዛነፋል፤ በንጹሕ ውኃ ዜሮ ቢያሳይም በ35 ላይ ሊዋሽ ይችላል። ለዚህ ነው ለማድቤት ጨው ሥራ አለው ያልነው፤ ንጹሕና ደረቅ ጨው 36.5 ግራም በጥሩ ሚዛን ተመዝኖ በ963.5 ግራም የተጣራ ውኃ ቢሟሟ፤ ብርሃንን የሚሰብረው ልክ 35 እንደ ሆነ የባሕር ውኃ ነው። በዚህ ውኃ ላይ መለኪያው 35 ካላሳየ በብሎኑ ይስተካከል። ለዚህ ሥራ አፈር ያልነካው የተፈጨ ጨው ይሻላልና፤ የአሳሌው አሞሌ ከወጥ ቤት ባይወጣ መልካም ነው።

ኮራል ለመጨመር ለሚያስቡም አንድ ቃል አለን። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች ሁሉ ከአገር ወደ አገር የሚሻገሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1973 እዚያው በዋሽንግተን በተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቍጥጥር ሥር ነው። የባሕሩም ዐለት በሙቀት ምክንያት እየነጣ ስለ መሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱ ተነግሯል። ስለዚህ ከባሕር የተነቀለውን ትቶ በሰው ገንዳ ተቈርጦ የተባዛውን መግዛት ይገባል፤ ይህኛው ደግሞ የገንዳ ኑሮ የለመደ ስለ ሆነ በቶሎ አይሞትም፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያንሳል።

ይህን ጽፈን ልንዘጋ ስንል ከወዳጃችን ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። ገንዳው በአምስተኛው ቀን 1.025 ደርሷል፤ የተሸበሸበው ኮራልም ከሦስት ክንዶቹ በቀር ተከፍቷል። በተፈጥሮ ልክ የተቀመመውን ጨው ትንሹን ከረጢት ገዝተዋል፤ ልጅቱም በከረጢቱ ላይ የተከፈተበትን ቀን በአማርኛ ጽፋበታለች፤ ፊደሉን ያስጠኑዋት አያትዋ ናቸው። በሚመጣው ሳምንት ስለ ውኃ ማጣሪያና ስለ አመራረጡ እንጽፋለን።